ያልተቀመሰው ጠብታ

ሽማግሌው ኩራሞቺ በገዛ ባሩ ባንኮኒ ላይ ግንባሩን ደፍቶ ሞቶ የተገኘው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ኪዮቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ባር የሚከፈተው አመሻሹ ላይ ስለሆነ ደንበኛ አልነበረም። ከፊቱ ውስኪ ሳወር የሚባለው ድብልቅ መጠጥ የተጨለጠበት ብርጭቆ፣ አጠገቡ የአገሩ ውስኪ ጠርሙስ አለ። ብርጭቆው ላይ የቀረው አረፋ ሲመረመር የሚስቱ የወይዘሮ ሳዮ የልብ መድኃኒት ተገኘበት። የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ባይ ነውና፣ በማግስቱ ሴትዮዋ እንድትታሰር ወሰነ።

ኢንስፔክተር ናሩሚ ግን ያጎረሷትን ሁሉ የምትውጥ ሴት አይደለችም። ጠርሙሱን ዞራ አየችው። የባሩ ሠራተኞች የሠሩትን መጠጥ የሚቀምሱበትን ማንኪያ አነሳች፤ ደረቅ ነው።

«እትዬ፣ መድኃኒትዎ የት ይቀመጣል?»

«ጓዳ፣ መስኮቱ ላይ። ሁሉም ያውቃል።» የሳዮን ጣቶች ቁርጥማት አቆላምሟቸዋል። «እኔ የስኳሩን ሽሮፕ ጠዋት ጠዋት አፈላለሁ እንጂ ባንኮኒው ውስጥ ቆሜ አላውቅም። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ አሁን ልግደለው?» እንባዋ ቀደማት።

የባሩ ቁልፍ ያላቸው ሌሎች ሰዎች ሁለት ናቸው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ያገለገለው ኢሶቤ፣ ስድስት ዓመት የሠራው ሞሪዋኪ። ሽማግሌው ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት ባሩን ለሞሪዋኪ እንደሚያወርስ ተናግሮ ነበር።

«አልከፋህም?» አለችው ኢሶቤን።

«የመምህሬ ቃል ነው፤ ምን እላለሁ? እኔ በረዶ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ራሳቸው ሠርተው ጠጥተው ይሆናል።»

«አንተስ?»

«ተኝቼ ነበር» አለ ሞሪዋኪ። «ምስክሬ ትራሴ ነው።»

«ትራስህን ፍርድ ቤት ይዘኸው ትቀርባለህ!»

በማግስቱ ናሩሚ ሁሉንም ባሩ ውስጥ ሰበሰበች። አዛዡ ካቴናውን ይዞ ከሳዮ ጎን ቆሟል።

«ሁለታችሁም አንድ አንድ ሳወር ሥሩልኝ። ዕቃው ያን ቀን እንደነበረ ነው፤ አልተነካም።»

ሞሪዋኪ ውስኪውን፣ የሎሚውን ጭማቂ፣ ሽሮፑንና የእንቁላሉን ነጭ መጀመሪያ ያለ በረዶ፣ ከዚያ በበረዶ በጠበጠ። ቀድቶ ሲያበቃ በማንኪያ አንድ ጠብታ እጁ ጀርባ ላይ አድርጎ ላሰ። «ስኳር በዝቶበታል» ብሎ አጉረመረመ።

ኢሶቤ ተከተለ። እጁ ያስቀናል፤ አረፋው አንድ ቀዳዳ የለውም። የጠርሙሱን ጽሑፍ ወደ ናሩሚ አዙሮ አስቀመጠ። ማንኪያውን አነሳ። መልሶ አስቀመጠው። ብርጭቆውን ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

«ሳትቀምስ?» አለች ናሩሚ።

ከዚያ ወደ ጠርሙሱ ጠቆመች።

«ያን ቀን የጠርሙሱ ጽሑፍ ሟቹ ወደ ተቀመጠበት ወንበር ዞሮ ነበር። እንግዳ ሲስተናገድ እንጂ ሰው ለራሱ ሲቀዳ እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ የሠራላቸው ሰው አለ። በእትዬ ሳዮ እጅ ይህን መበጥበጥ አይቻልም። ማንኪያው ደረቅ ነበር። በዚህ ቤት የማይቀምስ ሠራተኛ የለም፤ ያልቀመሰው መርዙን የሚያውቅ ብቻ ነው። አስመርምሬዋለሁ፤ መርዙ የነበረው ሽሮፑ ውስጥ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሞሪዋኪ አላወቀምና ላሰው። አንተ ግን ነገሩ ሽሮፑን በምታፈላው ሴትዮ ላይ እንዲላከክ እዚያው ጨምረህ ተውከው።» ከዚያ ሽሮፑን በጣቷ ነክታ ቀመሰች። «ይሄ ንጹሕ ነው፤ ቀይሬዋለሁ።»

ኢሶቤ ያልቀመሰውን ብርጭቆ አየ። «አሥራ ስምንት ዓመት! እርቅ ነው ብዬ ሠራሁላቸው። አለመቅመሴን አይተዋል እኮ።»

«ምን አሉህ?»

«ሳቁ። ‹ካንተ እጅ ከሆነማ ምን ይቀመሳል› ብለው ጨለጡት።»

ሳዮ ፊቷን ሸፈነች። ኢሶቤ እጆቹን ራሱ ለካቴናው ዘረጋ።