በዋሻው ውስጥ የሚተነፍሰው ሰውዬ

ዙለይኻ ከጥቁሩ ዋሻ በአራት እግሯ እየዳኸች ወጣችና ምንጣፉ ላይ ዘጭ አለች። ደረቷን ይዛለች።

«ወላሂ ይሄ ሰውዬ ሊሞት ነው! መቲ፣ ድምፁን ከየት አባሽ ነው ያመጣሽው?»

«ከኢንተርኔት» አለች መቲ፣ ቀና ሳትል። ከጠዋት ጀምሮ ሽቦ ስትጠቀልል ወገቧ ተቆርጧል።

ዋሻው የእውነት ዋሻ እንዳይመስላችሁ። ሳዑዲ፣ ኾበር ከተማ፣ አል ራዋቢ ሠፈር ውስጥ ባለ የኮምፓውንድ አዳራሽ፣ የትምህርት ቤታቸው ክበብ በኮምፖንሳቶ የሠራው ረጅም መተላለፊያ ነው። ስለ ከተማ አየር ብክለት ነው። ሥዕል ሰቅሎ «እዩልን» ማለት የለም፤ ሰው ራሱ ገብቶ ይዳክራል። ቬንትሌተር የሞቀ አየር ፊቱ ላይ ይነፋበታል፣ ጣሪያው እየወረደ ይመጣበታል፣ ግድግዳው ላይ የኾበር ፎቆች በአቧራና በጭስ አንድ በአንድ ይጠፉበታል። ከዚያ ትንፋሹ አለ። ሲር... ሲር እያለ፣ እንደተቀደደ ወናፍ እየተጎተተ ከስፒከር ይወጣል። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ሁለት ደቂቃ ከቆያችሁ ሳታስቡት አብራችሁት መተንፈስ ትጀምራላችሁ። ቀጥሎ ሳል። ከሳሉ በኋላ ደግሞ አንድ የደከመ ድምፅ «ማፊ ሙሽኪላ... ማፊ ሙሽኪላ» ይላል። ችግር የለም ማለቱ ነው።

ከኢንተርኔት አይደለም። የአባቷ ነው።

አባቷ ከፈለኝ ዐቅረቢያ ሠፈር፣ ወርሻ በሚሉት ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም ሲረጭ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓርብ ከምሳ በኋላ ጋደም ባለበት መቲ ስልኳን ትራሱ አጠገብ አስቀምጣ ቀዳችው። ሲያስል በእንቅልፍ ልቡ እንኳ ለካፊሉ፣ ለስፖንሰር አሠሪው፣ ነበር የሚመልሰው። ካፊሉ አቡ ፈይሰል ሳል በሰማ ቁጥር «ምን ሆንክ?» ይላል። አባቷም «ማፊ ሙሽኪላ» ይላል። አምና ደረቱን የታመመውን ሱዳናዊ ባልደረባውን አቡ ፈይሰል ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ አላደሰለትም፤ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ አስመትቶ ወደ አገሩ ሸኘው። የከፈለኝ ኢቃማ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ያልቃል። እሱ ከተሸኘ መቲም እናቷም ተያይዘው ነው።

ስትቀዳ ይሄ ሁሉ አልታያትም። ዛሬ ጠዋት ግን መምህራቸው እንጨቱንና ቀለሙን የሰጣቸው አቡ ፈይሰል መሆኑን፣ ነገም የክብር እንግዳ ሆኖ ገብቶ እንደሚያየው ነገረቻቸው።

«ዙሊ፣ ድምፁን ብናወጣውስ?»

«አበድሽ እንዴ? ያለ እሱ እኮ ይሄ ቁም ሳጥን ነው! ጥቁር ቁም ሳጥን!»

ዙለይኻ እውነቷን ነው።

በሩ ተከፈተ። ከፈለኝ ነው፤ ቀለም የነካካው ቱታውን ለብሶ፣ ብሩሽና ቆርቆሮ ይዞ።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆች። አቡ ፈይሰል የቀረውን ቀባባላቸው ብሎኝ ነው።»

«አባዬ ቆይ!» ብላ ሳትጨርስ ጎንበስ ብሎ ገባ።

ጠበቁ። ሲር... ሲር። ሳል። ማፊ ሙሽኪላ። እንደገና ሲር... ሲር። አይወጣም።

«ጋሼ፣ በጨለማ ነው እንዴ የሚቀቡት?» ብላ ዙለይኻ ሳቀች።

መቲ ተከትላው ገባች። መሀል ላይ እግሩን አጥፎ ተቀምጧል፤ ብሩሹ ጉልበቱ ላይ። የስፒከሩ ትንፋሽ የቱ እንደሆነ፣ የአባቷ የቱ እንደሆነ መለየት አቃታት።

«መቲዬ... ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሰማው?»

«ሁልጊዜ።»

«እናትሽም ትሰማዋለች?»

«አጠገብህ አይደል የምትተኛው?»

ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። «እኔ እኮ ማንም አያውቅም ብዬ...»

«አጠፋዋለሁ አባዬ። አቡ ፈይሰል ነገ ይሰማሃል።»

 ከፈለኝ በእጁ ጀርባ ግንባሩን ጠረገ። «ደክመሽበታል፣ የኔ እናት። ተዪው። ከሰማም ይስማ። መደበቁም ሰለቸኝ።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። እየዳኸች ወጣችና ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። ፋይሉን መረጠች፣ አጠፋችው። አዳራሹ ጭር አለ፤ ቬንትሌተሩ ብቻ።

«ምን አደረግሽ?!»

«ከኢንተርኔት አይደለም ዙሊ። ዋሽቼሽ ነው።»

ያን ጊዜ ከፈለኝ ከዋሻው ወጣ፤ እንዳጎነበሰ ሳሉ ያዘው። ዙለይኻ እሱን አየች፣ መቲን አየች።  ከዚያ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ደረጃው ላይ። አሥር ጊዜ ወጥቼ እወርዳለሁ፣ ሳለከልክ ትንፋሼን ለዋሻው ትቀጂዋለሽ። ያ ረብ፣ ሰው አይየኝ ብቻ!»

መቲ ልትቀዳት ስልኳን ስትከፍት የዓርቡ ድምፅ እዚያ አለ። ጣቷ ማጥፊያው ላይ ቆመ። ከዚያ ተመለሰ።

«አባዬ፣ ዓርብ ሰይሃት ከተማ ያለው ክሊኒክ እንሄዳለን። እዚያ ማንም አያውቅህም።»

«ሄጄ ምን እላለሁ?»

«ምንም አትበል። እኔ የቀዳሁትን አሰማቸዋለሁ።»

ከፈለኝ የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈተና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። መቲ ስልኳን ይዛ ወደ ደረጃው ሄደች።