ካባ ያልተተወላቸው ፍየሎች

በዚያ ዓመት ዝናብ አልነበረም። በቀደመውም ዓመት አልነበረም፤ ከዚያ በፊትም አልነበረም። ኩሬዎች ደረቁ። ሰዎች የቁልቋሉን እሾህ በእሳት እየለበለቡ ለላሞቻቸው አበሉ፤ እሱም ሲያልቅ ላሞቹን ሸጡ። ፍየል ግን ቁጥቋጦ በልታ ትኖራለች። ስለዚህ በሮክስፕሪንግስ ከተማ ዙሪያ የቀረው ሀብት የአንጎራ ፍየል ብቻ ነበር። ጸጉሯ ረጅምና ነጭ ነው፤ እንደ ሐር ያበራል።

ጸጉሩ በመስከረምና በየካቲት ይሸለታል። የሚሸልተው የአጎቴ የፋቢያን ሳላሳር ቡድን ነበር። እኛ የዴል ሪዮ ከተማ ሰዎች ነን፤ ለሽለታ ነው ወደ እርባታዎቹ የምንወጣው። እኔም ከሸላቾቹ አንዱ ነበርኩ። አጎቴን የቡድኑ አለቃ ነውና ሁሉም «ካፒቴን» ይሉታል፤ የሰፈራችን ሰዎች ደግሞ በአክብሮት «ዶን ፋቢያን»። ልጁ ኔሊዳ ለቡድኑ ታበስላለች፤ የመሸለቻውንም ስለት በሚዞር ድንጋይ ትስላለች።

ሂልማር ክራውዘ የባለ እርባታው የጉስታቭ አንድ ልጅ ነው። በመስከረሙ ሽለታ ውሃ በባልዲ ይዞ መጣና ኔሊዳ ፊት ቆመ። ከድንጋዩ የእሳት ፍንጣሪ ይረጭ ነበር።

«አስቀምጥና ዞር በል» አለችው ቀና ሳትል። «እዚህ የሚቆም ሰው ዓይኑ ይጠፋል።»

«ጠፍቷል እኮ።»

«ማን አጠፋብህ?»

«ስለት የምትስል አንዲት ልጅ።»

ያን ጊዜ ቀና አለች። እኛ ሳቅን፤ እሷ አልሳቀችም።

«እውነትህን ነው» አለችው። «ባልዲውን እግሬ ላይ ነው ያስቀመጥከው።»

ልጁ ፊቱ ቀላ። ባልዲውን ሲያነሳ ግማሹን ውሃ ጫማዋ ላይ ደፋው። በዚህ ጊዜ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ዴል ሪዮ ይመጣ ጀመር። ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ኮፍያውን ይዞ ይቆማል። አጎቴን «እርስዎ» ይለዋል። በዚያን ዘመን የባለ እርባታ ልጅ ለሸላች እንዲህ አይልም ነበር። አጎቴም ልጁ ሲመጣ ከቤቱ በር ገለል ይልለት ነበር።

ጉስታቭ ሰማ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደረቅ ነበር። ልጁን ጠርቶ እንዲህ አለው፦ «የየካቲቱን ጸጉር ሙሉውን መጋዘን አስገባ። ከዚያ የወንዙ ዳር መሬት ያንተ ነው። በራስህ መሬት ላይ ማንን እንደምታኖር አልጠይቅህም።»

የካቲት ገባ። እኛም መኪናችንን ጭነን ወጣን። ሙቀቱ የጤና አልነበረም። ውርጭ በሚሆንበት ወር ሰው በሸሚዝ ዋለ። የክራውዘ ጓሮ ውስጥ ያለው የኮክ ዛፍ ያለ ጊዜው አበበ።

ሂልማርና ኔሊዳ አመሻሹ ላይ አጥሩ ጋ ቆመው ሲያወሩ እሰማቸው ነበር። እኔ የመሸለቻውን ሞተር እያጠብኩ ነበርና መስማት አልፈለግሁም ማለት አልችልም።

«መስኮቱን ወደ ደቡብ አደርገዋለሁ» ይላታል።

«የየትኛውን ክፍል?»

«የማብሰያውን።»

«ማን ነግሮህ ነው የማበስልልህ? እድሜዬን ሙሉ ለወንድ መንጋ ሳበስል ኖሬ።»

«እሺ፣ እኔ አበስላለሁ።»

«ምን ታውቃለህ?»

«እንቁላል።»

«እንቁላልና ምን?»

አሰበ። «ሌላ እንቁላል።»

እጇ አጥሩ ላይ ነበር፤ የሱም እጅ አጠገቧ ነበር። እጆቻቸው አልተነካኩም። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዎች ሲሳሳሙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ የተቀራረቡ አላየሁም።

በማግስቱ ምሳ ላይ ራዲዮው የአካባቢውን አየር ተናገረ። የመኪናውን በር ከፍተን ሰማን። ከወትሮው የበለጠ ሙቀት ይሰነብታል፤ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ብርቱ ቅዝቃዜ ከሰሜን ይገባል፤ ምናልባት ቅዳሜ፣ ምናልባትም ቀደም ብሎ፤ ፍየል የሸለታችሁ ተጠንቀቁ። ሁላችንም ቅዳሜን ያዝን። ምናልባቱን ያነሳው አልነበረም።

እኛ ዘንድ አንድ ወግ አለ። አየሩ ሲያጠራጥር ፍየሏ ሙሉ በሙሉ አትሸለትም። ከአንገቷ እስከ ጭራዋ በጀርባዋ ላይ የመዳፍ ስፋት ያህል ጸጉር ይተውላታል። ካባ እንለዋለን። ዝናቡ በዚያ ላይ ይንሸራተታል፤ ፍየሏ ትተርፋለች። ግን የተተወው ጸጉር መጋዘን አይገባም። ስለዚህ ካፒቴኑ ይጠይቃል፤ ባለ ፍየሉ ይወስናል።

አጎቴ ጠየቀ።

«ሂልማር፣ ካባ እንተውላቸው?»

ልጁ ወደ ሰማይ አየ። ከዚያ ወደ ኔሊዳ አየ። እሷ ስለቱን በጨርቅ እየጠረገች ነበር፤ ዓይኗን ከጨርቁ አላነሳችም። የመስኮቱን ነገር ታውቃለች፤ ጸጉሩ ሙሉ መሆን እንዳለበትም ታውቃለች። አንድ ቃል ብትል ኖሮ ይሰማት ነበር። አላለችም።

«አትተዉላቸው» አለ። «ሐሙስ እንጨርሳለን። ቅዳሜ ጋጣ ውስጥ አስገባቸዋለሁ።»

«አንተ ነህ የምታውቀው» አለ አጎቴ፤ ሞተሩንም አስነሳ።

ሐሙስ ከሰዓት የመጨረሻዎቹን እየሸለትን ሳለ ነፋሱ ቆመ። ፍየሎቹ ማላመጣቸውን ተዉ። ቀና ስል በሰሜን በኩል ሰማዩ እንደ ተመታ ገላ ጠቁሮ ነበር። ኔሊዳ የድስቱን ክዳን እንደያዘች ቆመች። «አባዬ» አለች።

ያን ነፋስ «ሰሜኑ» እንለዋለን። መጀመሪያ አቧራ፣ ቀጥሎ ብርድ፣ ከዚያ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ መጣ። በሸሚዝ የነበርነው ሰዎች ጥርሳችን ተንገጫገጨ። ፍየሎቹ እርቃናቸውን ነበሩ። ሮጡ። ነፋሱን በጀርባቸው ይዘው እስከ ታችኛው አጥር ሮጡና እዚያ አንዷ በሌላዋ ላይ ወጣች። ከታች ያሉት ታፈኑ፤ ከላይ ያሉት በብርድ ደረቁ።

የቻልነውን ተሸከምን። ወደ ጋጣው፣ ወደ መኪናው፣ ወደ ክራውዘ ሳሎን ሳይቀር አስገባን። ኔሊዳ በአንድ እጇ አንድ፣ በሌላው ሌላ እየጎተተች ስትመላለስ አየኋት። ጉስታቭ ራሱ በዚያ እድሜው ፍየል በትከሻው ተሸከመ። የተረፉት ጥቂት ነበሩ።

ሲነጋ ጎረቤቶች መጡ፤ ቲልማን፣ ቦውደን፣ ሽራይነርም። እነሱ ካባ ትተው ነበር። አጥሩ ጋ ያለውን ነጭ ክምር ቆመው አዩ።

ጉስታቭ ጮክ ብሎ ጠየቀ፦ «ያለ ካባ የሸለታቸው ማን ነው?»

ሂልማር አባቱን አየ፤ ጎረቤቶቹን አየ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

«ሸላቾቹ ናቸው» አለ። «ካባ ተዉላቸው ብያቸው ነበር።»

ኔሊዳ በጉያዋ በብርድ ልብስ የጠቀለለችው ግልገል ነበር። እሱን እንደያዘች ሂልማርን አየችው። እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

አጎቴ ኮፍያውን አጠለቀ። «ዕቃ ጫኑ» አለን።

መኪናው ውስጥ እኔ ተንጨረጨርኩ። «አጎቴ፣ ለምን ዝም እንላለን? ሁላችንም ሰምተናል!»

«ሰምተናል። እኛ ብንምል ቲልማን ማንን ያምናል?» አለኝ። «ቃሉ የሱ ነው። ራሱ ይመልሰው።»

ከዚያ በኋላ የሚጠራን ጠፋ። የሳላሳር ቡድን ፍየል ይገድላል ተባለ። ሰዎቻችን ተበተኑ። አጎቴ እድሜውን ሙሉ ካፒቴን የነበረ ሰው የሌላ ሰው ጥጥ ለመልቀም ወረደ።

ሂልማር በሚያዝያ አንድ ጊዜ መጣ። ኔሊዳ ከበሩ ውጭ አነጋገረችው።

«ሞቼ ነው የሰነበትኩት» አላት።

«ቆመህ ነው የማይህ። ለአባትህ ነገርከው?»

«እነግረዋለሁ። አሁን ብነግረው መሬቱ ይቀራል፤ መሬቱ ከቀረ ደግሞ እኔና አንቺ የት እንገባለን? በመስከረም ጸጉሩ ሲሞላ—»

«ሂልማር፣ አባቴ አሁን የት እንዳለ ታውቃለህ? ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ነው።»

«ጥቂት ታገሺኝ።»

«እታገሥሃለሁ። ግን ነግረኸው ና። ሳትነግረው አትምጣ።»

በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ቀስ ማለቷ ነው የከፋው።

ታገሠችው። በመስከረም ጠበቀች፤ በየካቲት ጠበቀች። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አንድ ጊዜ ወደ መንገዱ ታይና ትሄዳለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ማየቱን ተወች። የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ የሆነ፣ ረጋ ያለ ሰው አገባች። ልጆች ወለደች። ባሏ ጥሩ ሰው ነው፤ እሷም አክብራው ኖረች። ሂልማር መሬቱን ወረሰ። ቤት ሠራ፤ ሚስት አላገባም። በወሬ እንሰማ ነበር።

እኛ ሸበትን። አጎቴ ዓይኑ ፈዘዘ። አንድ እሁድ እኩለ ቀን ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ አንድ ፒክአፕ ከበሩ ቆመ። ሂልማር ወረደ። ዞሮም ከኋላ ሦስት ሽማግሌዎችን አንድ በአንድ እየደገፈ አወረደ። ቲልማን ነበር፤ ቦውደን ነበር፤ ሽራይነርም ምርኩዙን ይዞ ነበር። እያንዳንዱን ከየቤቱ ሄዶ ነው የለቀማቸው።

«ማን ነው?» አለ አጎቴ።

«ሂልማር ክራውዘ ነኝ፣ ዶን ፋቢያን። ጎረቤቶቼን ይዤ መጥቻለሁ። ያኔ የሰሙትን ዛሬም እዚሁ ይስሙት ብዬ ነው። ካባ እንተውላቸው ብለው ጠይቀውኛል። አትተዉላቸው ያልኩት እኔ ነኝ። ስጠየቅ ዋሸሁ። ፍየሎቹን የፈጀሁት እኔ ነኝ፤ የእርስዎንም ስም።»

ቲልማን ጫማውን አየ። አጎቴ ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ።

«ጆሮዬ እንደ ዱሮው አይደለም። ከፍ አድርገህ ድገመው።»

ጆሮው ደህና ነበር። ከአጥር ወዲያ ጎረቤቶቻችን ወጥተው ቆመው ነበርና ነው። ሂልማር ገባው። ከፍ አድርጎ ደገመው።

«ቲልማን፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ… ዶን ፋቢያን።»

አባቷ ዘንድ ለምሳ የመጣችው ኔሊዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደወጣች አላየሁም። ጸጉሯ ላይ ሽበት አለ፤ እጇ ዱቄት ነክቶታል። ሂልማር አያት።

«አባትህ ሲሞት ነው የቀለለህ?» አለችው።

«አልቀለለኝም። ከሞተ ብዙ ዓመት ሆነው። እኔ ነኝ ያልቻልኩት።»

«ያን ቀን ጠዋት ብትለው ኖሮ፣ መሬት ባይኖርህም አገባህ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም ነበር። ብታውቅማ ትለው ነበር። እኔም አባቴ ሲጠይቅህ ቀና ብዬ ማየት ነበረብኝ። ለእሱ ነግሬዋለሁ። አንተም እወቀው።»

ሂልማር ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሞ ቀረ። ፀሐዩ በርትቶ ነበር፤ ሽራይነር በምርኩዙ ላይ ያዘነብል ጀመር።

አጎቴ እጁን ወደ ድምፁ ዘረጋ። ሂልማር ቀረበና ያዘው። አጎቴ ረጅም ጊዜ አልለቀቀውም።

«ኔሊዳ» አለ። «ወንበር አውጪ። ይህ ሰው ያለበትን ከፍሏል።»

ገባች። ሦስት ወንበር አውጥታ ለሽማግሌዎቹ ሰጠች። ተመልሳ ገባችና አራተኛውን አመጣች፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ከአባቷ አጠገብም አኖረችው።