ምድጃ ውስጥ የተገኘው ቡችላ

«አንተ ሰውዬ! ቡችላውን ልትጠብሰው ነው እንዴ?!»

ጌቲን ከተንበረከከበት ቀና ሲል አንዲት ልጅ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ከቢጫ ካፖርቷ የሚንጠባጠበው ዝናብ ወለሉን አርሶታል። ዓይኖቿ ግን እሳት ናቸው። ያፈጠጡትም ትልቁ የብረት ምድጃ ላይ ነው። የታችኛው ሳጥን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከውስጡ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይታያል፤ ከፎጣው ደግሞ ትንሽ ጥቁር አፍንጫ ብቅ ብላለች።

«እ... እያሞቅኩት ነው» አለ ጌቲን።

«ምድጃ ውስጥ?!»

«ለብ ያለ ነው እኮ። እጅሽን ከተት አድርጊና እዪው።»

ሻይ ሲቀዱ የነበሩት እናቱ ወይዘሮ ማርጌድ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አትደንግጪ ልጄ። እዚህ ተራራ ላይ ብርድ የመታው ግልገል ሁሉ ነፍስ የሚዘራው እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። ይሄንንም» አሉ ልጃቸውን በአገጫቸው እየጠቆሙ፤ «ያለ ጊዜው ሲወለድብኝ እዚያው ነው ያሞቅኩት። ምን ዋጋ አለው፣ ሳይበስል ወጣ እንጂ።»

«እማዬ!»

ልጅቷ አልሳቀችም። ስሟ ኔሪስ ነው። ከተራራው በታች ባለችው ከተማ በእንስሳት ክሊኒክ ነርስ ናት፤ በትርፍ ጊዜዋ ደግሞ የባዘኑ ውሾች መጠለያ ውስጥ ታገለግላለች። የጠራት ራሱ ጌቲን ነበር። ጠዋት በጎቹን ሊያይ ሲወርድ ከድልድዩ ሥር የራሰ ካርቶን ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አየ። ከፈተው። ቡችላው ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበረውም። ጌቲን ሹራቡ ውስጥ ሸጉጦት ወደ ቤት ሮጠ፣ ለመጠለያውም ደወለ። በስልክ ሲያወራት መነጽር ያደረገች አሮጊት መስላው ነበር... አሁን አጠገቡ ስትንበረከክ ግን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ጌቲን ከበግ ጋር ቀኑን ሙሉ ቢያወራ አይደክመውም። ከሰው ጋር ግን፣ በተለይ ከሴት ልጅ ጋር፣ ምላሱ እንደ ክረምት በር ይጣበቅበታል።

ኔሪስ የቡችላውን ከንፈር ገለጥ አደረገች። ድዱ ነጥቷል። አሸተተችው፤ ፊቷም ተለወጠ።

«ይሄን ሽታ አውቀዋለሁ» አለች በቀስታ።

ከቦርሳዋ ትንሽ መመርመሪያ አውጥታ ጠበቀች። በመመርመሪያው ላይ ሁለተኛው መስመር ብቅ ሲል ኔሪስ ዓይኗን ጨፈነች።

«ፓርቮ ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የቡችላን አንጀት በትውከትና በተቅማጥ የሚጨርስ በሽታ። በጫማ ሶል ሳይቀር ይተላለፋል። መጠለያው ቡችላ ብቻ ነው የሞላው፤ እዚያ ባስገባው ሁሉንም እፈጃቸዋለሁ። የክሊኒኩ የብቻ ክፍል ደግሞ በሌላ ታማሚ ተይዟል።» ቀና ብላ አየችው። «እዚህ ካልቆየ...»

«ይቆያል» አለ ጌቲን ሳያስጨርሳት።

ወይዘሮ ማርጌድ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ልጃቸው እንዲህ ቶሎ መልስ ሲሰጥ ሰምተው አያውቁም።

ከወጥ ቤቱ ጎን ያለችውን ዕቃ ቤት አጸዱ። ኔሪስ ሐኪሙ በስልክ እየነገራት የቡችላውን ቀጭን እግር ላጭታ መርፌውን ሰካች። የግሉኮሱን ከረጢት የፈረስ ልጓም የሚሰቀልበት ምስማር ላይ አንጠለጠለችው። በሩ ሥር በረኪና የተበጠበጠበት ገንዳ አኖረች፤ የሚገባም የሚወጣም ጫማውን እዚያ ይነክራል። ከዚያ ጣቷን ቀስራ ጌቲን ፊት ቆመች።

«ስማኝ። ጠዋትና ከሰዓት እመጣለሁ። ትውከቱ እስኪቆም ድረስ ምንም ነገር በአፉ እንዳይገባ። ውሃም ቢሆን! ወተት ደግሞ በፍጹም! ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ቢያለቅስብህስ?»

«እችለዋለሁ።»

በማግስቱ መጣች። ከዚያም በማግስቱ። ሁለቱ የተደፉ ባልዲዎች ላይ ተቀምጠው የሚንጠባጠበውን ግሉኮስ ያያሉ። ውጭ ነፋሱ የጣሪያውን ድንጋይ ያንቋቋል፤ ከበረቱ የግልገሎች ጩኸት ይሰማል።

«ስም ያስፈልገዋል» አለች ኔሪስ።

«ምን እንበለው?»

«ጥብሴ።»

ጌቲን ፈገግ አለ። «ይቅር አላልሽኝም ማለት ነው።»

«ገና ነው። ደግሞ አንተ ለምንድን ነው እንዲህ ዝም የምትለው?»

«አንቺ ስታወሪ ደስ ስለሚለኝ።»

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የደነገጠው። ጆሮው ቀላ። እሷም ጎንበስ ብላ የቡችላውን ፎጣ አስተካከለች፤ ያ ፎጣ ግን የተስተካከለ ነበር። እጆቻቸው በትንሿ ጀርባ ላይ ተገናኙ... ማናቸውም እጃቸውን አላነሱም።

ቡችላው ግን እየከሳ ሄደ። አጥንቱ ሊቆጠር ደረሰ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ጌቲን ብቻውን ሳለ ጥብሴ ዓይኑን ከፈተና ጣቱን ይልስ ጀመር። ከዚያም ጣቱን ያዝ አድርጎ ጠባ። ደግሞ አለቀሰ። ያ ድምፅ የጌቲንን አንጀት በላው።

በዚህ ተራራ ላይ የሚያድግ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው አንድ ሕግ አለ። ሆዱ ባዶ የሆነ ግልገል አያድርም። የደከመውን ታሞቀዋለህ፣ ቀጭኗን የጎማ ቱቦ በጉሮሮው አውርደህ ወተት ትሰጠዋለህ፣ በማግስቱ ይዘላል። ጌቲን በዚህ መንገድ ያዳናቸው ግልገሎች ሜዳ ሙሉ ናቸው። ደግሞስ ጣት የጠባ ነገር ተርቧል ማለት አይደል?

ኔሪስ ያለችው ትዝ አለው። በሩን አየ። ቡችላውን አየ።

«ትንሽ ብቻ» አለ ለራሱ።

ከእናት በግ ያለበውን ትኩስ ወተት በቱቦው ሰጠው። ጥብሴ ጸጥ አለ። ጌቲን ደስ አለው... ግን ለጥቂት ጊዜ ብቻ። ቡችላው መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ወተቱን አስመለሰው። ቀጥሎ ደም።

ኔሪስ የደረሰችው ያኔ ነው። በሩ ላይ ቆመች። ወተቱ ሸተታት። ቀጭኗን ቱቦ ወለሉ ላይ አየቻት።

«ምን ሰጠኸው?»

ጌቲን ሊዋሽ ይችል ነበር። አልዋሸም። «ወተት። ትንሽ...»

«ምን አልኩህ እኔ?!»

«ጣቴን ጠባ ኔሪስ! ተርቦ...»

«ተርቦ አይደለም፣ አቅለሽልሾት ነው! በግ መስሎሃል? ውሻ ነው! የታመመ ውሻ!» ቡችላውን በፎጣ ጠቀለለችው። «የክሊኒኩ ክፍል ተለቋል። እወስደዋለሁ።»

«አብሬሽ ልምጣ።»

«እግርህን እዚያ እንዳላይ!»

ጌቲን ዝናብ ውስጥ ቆሞ የመኪናዋ መብራት በድንጋይ ካቡ ጥግ እስኪሰወር አየ። እንባው ይሁን ዝናቡ እሱም አልለየውም።

ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝም አለ። ቢደውል አታነሳም። እህል አልወርድ አለው። ወይዘሮ ማርጌድ አንድ ነገር ሊሉት ፈልገው ይተዉታል፤ የዘቢብ ዳቦውን ብቻ ወደሱ ገፋ ያደርጉለታል።

ቡችላው ከተወሰደ በሁለተኛው ቀን ጠዋት «ገደልኩት እማዬ» አላቸው።

«ገና አልተነገረህም።»

«እሷንም አጣኋት።»

«እሷንማ መቼ አገኘሃት፣ አንተ ዝምተኛ!» አሉት፤ ግን ራሱን ዳበስ አደረጉት።

በዚያው ቀን ከሰዓት አንዲት በግ ሞቶ የተወለደ ግልገሏን እየላሰች ትጮህ ነበር። በሌላ ጋጥ ደግሞ እናቱ የሞተችበት ግልገል ብርድ ላይ ኩርምት ብሏል። ጌቲን ሁለቱን ዝም ብሎ አያገናኛቸውም፤ ያልወለደችውን በቀንዷ ትጥለዋለች። አባቱ እንዳስተማረው የሞተውን ግልገል ቆዳ ገፈፈና እንደ ካፖርት ለወላጅ አልባው አለበሰው። እናት በግ ቀረበች። አሸተተች። ጠረጠረች። ደግማ አሸተተች... ከዚያም በለሆሳስ እያጉረመረመች ወደ ጡቷ አስጠጋችው።

ወይዘሮ ማርጌድ አጥሩን ተደግፈው ያዩ ነበር። «ሁሌ ይገርመኛል» አሉ። «ሽታ ነው ሁሉ ነገር። የኔ የሚለው ሽታ ካላገኘ ፍጡር አይኖርም።»

ስልኩ ጮኸ። ኔሪስ ናት። ድምጿ ተሰባብሯል።

«ጌቲን... ትውከቱ ቆሟል። መድኃኒቱም ሠርቷል። ግን አይበላም። ሁሉንም ሞከርን። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ሐኪሙ እስከ ዛሬ ማታ ካልበላ አይተርፍም ብሏል። ልትሰናበተው ከፈለግክ... ና።»

ጌቲን መንገዱን እንዴት እንደወረደው አያውቅም። ክሊኒኩ በር ላይ ኔሪስ በፕላስቲክ ልብስ ተሸፍና አገኘችው። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ወደ ውስጥ መግባት አትችልም። በመስኮት ነው የምታየው» አለችው።

«አልገባም።» ሹራቡን በራሱ ላይ ገፎ አወለቀው። እናቱ የሠሩለት ግራጫ ሹራብ ነው፤ በግ ይሸታል፣ ጭስ ይሸታል፣ ራሱን ጌቲንን ይሸታል። «ይሄን አልብሺው።»

«ምን?»

«ካርቶኑ ውስጥ ሳገኘው እዚህ ውስጥ ነው ሸጉጬ ያመጣሁት። እዚያ ያለው የመድኃኒትና የበረኪና ሽታ ነው። የሱ የሆነ ሰው የለም። ኔሪስ፣ እባክሽ... አንዴ አጥፍቻለሁ። ይሄ ግን ሆዱ ውስጥ አይገባም።»

አየችው። በነጠላ ሸሚዝ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ሹራቡን ተቀብላው ገባች።

በመስኮቱ መስታወት አሻግሮ ያያል። ኔሪስ ሹራቡን ጎጆ አስመስላ ጠቀለለችና ጥብሴን መሐሉ አስቀመጠችው። ምንም የለም። ቡችላው እንደ ጨርቅ ተዘርግቷል። ጌቲን ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደገፈ። «አሽትተኝ» አለ በሹክሹክታ። «አሽትተኝ እባክህ...»

ትንሿ ጥቁር አፍንጫ ተንቀሳቀሰች።

አንዴ። ደግማም። ጥብሴ ራሱን እየጎተተ እጅጌው ውስጥ ገባ። እዚያው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ሲወጣ ዓይኖቹ ክፍት ነበሩ። ኔሪስ ጣቷን የሥጋ ምግብ ቀባች፤ አቀረበችለትም።

ላሰ!

ኔሪስ ወደ መስኮቱ ዞረች። አፏን በክንዷ ሸፍና ታለቅሳለች። ከዚያ ወጥታ፣ የፕላስቲክ ልብሷን ጥላ፣ እጇን ታጥባ እየሮጠች መጣች።

«በላ! ጌቲን፣ በላ!»

«አየሁት...»

ሁለቱም ቆሙ። ዝናቡ ይወርዳል።

«ዘንድሮ እዚያ ክፍል ካስገባኋቸው ቡችላዎች አንድም በሕይወት አልወጣም» አለች ኔሪስ። «አንድም። ለዚህ ነው እንዲያ የጮህኩብህ። ባንተ ተናድጄ ብቻ አልነበረም... ፈርቼ ነው።»

«ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አዎ፣ ያንተ ነው» አለች፤ በእንባዋ መሐል ሳቀች። «ግን ስላልዋሸኸኝ... ያኔ ስላልዋሸኸኝ ነው የደወልኩልህ።»

ጌቲን እጇን ያዘ። እሷም እጇን አልሳበችም።

ግልገሎቹ ሣር መጋጥ ሲጀምሩ ኔሪስ ጥብሴን ይዛው መጣች። ቡችላው ከመኪናው እንደወረደ ጌቲን ላይ ተከመረ። ላሰው፣ ነከሰው፣ ጫማው ላይም ሸናበት።

«በደንብ ድኗል» አለ ጌቲን እየሳቀ። ከዚያ ፊቱ ከበድ አለ። «አሁን እንግዲህ... ጠዋትና ከሰዓት የምትመጪበት ምክንያት የለም።»

«የለም» አለች።

«ባይኖርም...»

«እህ?»

«ባይኖርም ነይ። ሁልጊዜ። ስትሄጂ ቤቱ ይበርደዋል።»

ኔሪስ ከንፈሯን ነክሳ አየችው። «ይሄን ሁሉ አንተ ነህ የተናገርከው?»

«እኔ ነኝ መሰለኝ።»

«እንግዲያው እመጣለሁ።»

የተራራው ነፋስ ሲነሳ ትከሻዋ ተንዘፈዘፈ። የድሮው ሹራብ በሽታው እንዳይዛመት ክሊኒክ ውስጥ ተቃጥሏል፤ ወይዘሮ ማርጌድ እያጉረመረሙ ሌላ ሠርተዋል። ጌቲን እሱን አወለቀና በራሷ ላይ አጠለቀላት። እጅጌው ከጣቶቿ አልፎ ተንጠለጠለ።

ወይዘሮ ማርጌድ በሩ ላይ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቋቸው ነበር። ኔሪስ ስትደርስ መንገዱን አልለቀቁላትም። ጎንበስ አሉ። ትከሻዋን በረጅሙ አሸተቱ። ትንሽ የጠረጠሩ መሰሉ፤ ደግመው አሸተቱ።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ጌቲን።

«ዝም በል አንተ!» አሉና የኔሪስን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ። «የኛው ናት። ግቢ ልጄ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ።»