ስሟን ድገሚልኝ

ረቡዕ ነበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ሰዓቱን የማስታውሰው መርፌ የምቀቅለው ሰዓት እያየሁ ስለሆነ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ስለ ሙት ድምፅ ሲያወሩ ተሸፋፍኜ የምተኛው ፈርቼ ሳይሆን ሰልችቶኝ ነበር፣ እመኑኝ። ስለዚህ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው የምጽፈው።

ከአሶሳ በትራክተር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ የሰፈራ መንደር ውስጥ የክሊኒኩ ብቸኛ ነርስ ነኝ። የክሊኒኩ ግድግዳ ቀርከሃ፣ ጣሪያው ሣር ነው፣ አልጋዬም ከመድኃኒት ክፍሉ ጀርባ ናት። ሰፋሪዎቹ ከወሎ የመጡ ናቸው፣ ሲመሽ ከየቤቱ ጨዋታቸው ይሰማኛል፣ ወደ እኔ የሚመጣው ግን የታመመ ብቻ ነው፣ እኔም ዓይን አፋር ስለሆንኩ ሄጄ የማንንም በር አላንኳኳም። የሚያዋራኝ ዘበኛችን ጋሽ ኢብራሂም ብቻ ነው፣ የዚሁ አገር ሰው፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ፣ አማርኛን በኋላ የለመደ፣ እኔን ሴቲቱንም «አንተ» እያለ የሚጠራኝ።

በቅርቡ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ መገናኛ ተተከለልን። ጠዋት ሦስት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሶሳ ያለው ሐኪም ይቀርባል፣ በሽታውን እነግረዋለሁ፣ ያዛል፣ ከዚያ «ድገሚልኝ» ይላል፣ እኔም መድኃኒቱን፣ መጠኑንና ሰዓቱን መልሼ እደግማለሁ። ሳይደገም የሚሰጥ መድኃኒት የለም። የመንደሩ ልጆች መስኮት ሥር ተሰብስበው «ድገሚልኝ! ድገሚልኝ!» እያሉ ሲቀልዱብኝ ይውላሉ።

በሽተኞችን በስም ሳይሆን በቤት ቁጥር እንጥራ ያልኩት እኔ ነኝ። ካርዱ እኛ ጋ፣ ግልባጩ አሶሳ፣ ቁጥሩን ስጠራ ሐኪሙ አውጥቶ ያያል። ሥራ ያፈጥናል ብዬ ነበር ያቀረብኩት፣ ተመሰገንኩበትም። እውነቱን ግን ለእናንተ ልንገራችሁ፣ ስም መጠየቅ ፈርቼ ነው። እንደመጣሁ ሰሞን አንዷን እናት «የልጅሽ ስም ማነው?» ብላት «የትኛዋ? ያለችው ወይስ የቀረችው?» አለችኝ፣ ከዚያ ወዲህ ስም መጠየቅ ከበደኝ።

ያን ዕለት ጠዋት ከ212 ቁጥር ቤት አንዲት እናት ስምንት ዓመት የሚሆናትን ልጇን አዝላ መጣች። የሳንባ ምች ነበር። ሬዲዮውን ከፈትኩ።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ሴት ልጅ...»

«ጮክ በይ እንጂ! ሹክ የምትይኝ ሐሜት ነው እንዴ?» አለ ሐኪሙ፣ ሁሌም እንደሚቀልድብኝ። «አዎ፣ ካርዱን አገኘሁት። ፔኒሲሊን ከዚህ በፊት ወስዳለች፣ ምንም አላደረጋትም። ይስማማታል አይስማማትም የሚለው የቆዳ ምርመራ ይቅር፣ ዛሬውኑ ጀምሪላት። ድገሚልኝ።»

ደገምኩ።

ፔኒሲሊኑ አልቆብን ስለነበር ስምንት ሰዓት ላይ በትራክተር ከጎረቤት መንደር መጣ። ዝናቡ ጀመረ። መርፌውን ቀቀልኩ፣ መድኃኒቱን በጥብጬ ሳብኩ፣ እናትየው ልጅቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ይዛታለች። ይኼኔ ነው ከጠረጴዛው ላይ ሬዲዮው ሽ... ሽ... ማለት የጀመረው። አሥራ አንድ ሰዓት ገና ነው፣ ሐኪሙ የረሳው ነገር ይኖራል ብዬ መነጋገሪያውን አነሳሁ።

«ስሟን ድገሚልኝ» አለ።

የሕፃን ድምፅ ነው፣ የሴት ልጅ። ልጆቹ ናቸው ብዬ በመስኮት አየሁ፣ ከዝናቡ በቀር ማንም የለም።

«ማን ልበል?» አልኩ፣ ሞኝነቴ ይታያችሁ።

«የልጅቱን ስም።»

ከጠዋት ጀምሮ እጄ ላይ ያለች ልጅ ናት፣ ስሟን አላውቀውም። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት» አልኩ፣ ሌላ የማውቀው ስለሌለኝ።

ሽ... ሽ... አለና «እሱ የኔ ነው» አለ ድምፁ፣ ልክ ሌላ ልጅ አሻንጉሊቷን እንደያዘችባት ልጅ። ከዚያ ጸጥ።

መርፌውን ሣህኑ ላይ መልሼ ወደ እናትየው ዞርኩ።

«እናቴ፣ ስሟ ማነው?»

«ትርንጎ ናት እንጂ፣ ማን ልትሆን ኖሯል!»

ካርዱን ገለበጥኩት። ከማኅተሙ ሥር፣ ከእኔ በፊት በነበረው ነርስ የእጅ ጽሑፍ፣ በደበዘዘ እርሳስ ፋጡማ ይላል። ዕድሜ ስምንት።

«ትርንጎ ከዚህ በፊት መርፌ ተወግታ ታውቃለች?»

«ወሎ መጠለያ ሳለን ወግተዋት እኮ ነው ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሿ ጠፍቶ፣ አለቀላት ብለን ያለቀስነው። ይኼም ያው እንዳይሆን ስፈራ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንች መቼ ጠየቅሽኝ?» አለች፣ ቁጣ እንኳ አልነበረባትም። «ሬዲዮኑ ያውቃል ብዬ።»

የሳብኩትን ደፋሁት፣ ያለ ሐኪሙ ትእዛዝ ሰልፋ የሚባለውን ክኒን ፈጭቼ በማንኪያ ሰጠኋት፣ እናትየዋ ከልጇ ጋር እዚያው እንድታድር አደረግኩ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጋሽ ኢብራሂም በዝናብ በስብሶ ገባ፣ ትከሻው ላይ ማዳበሪያ የለበሰ ከባድ ነገር ተሸክሟል።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ባትሪ ነው። ረቡዕ የቻርጅ ቀን አይደለም? ስምንት ሰዓት አንተ መድኃኒት ሲቀበል እኔ በትራክተር ወሰድኩ፣ ቻርጅ አደረገ፣ መጣሁ።»

«ጋሽ ኢብራሂም፣ አሁን ቅድም በሬዲዮ አውርቻለሁ።»

ሳቀ። «አንተ? ያንተ ድምፅ በባትሪም አይሰማም፣ ያለ ባትሪ ማን ሰማ?» ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወ። ጠረጴዛው ሥር አጎንብሼ አየሁ፣ ሁለቱ ሽቦዎች ባዶ ተንጠልጥለዋል።

212 ቁጥር ቤት ከትርንጎ ቤተሰብ በፊት ማን ነበረበት ብዬ ጠየቅኩት።

«ሌላ ሰው ነበር። መጀመሪያ ዝናብ ልጁ ሞተ፣ ሴት ነው፣ ትንሽ። እናት አባት ጠፋ፣ አገሩ ሄደ መሰለኝ። አላህ ይርሐመው።» በእጁ ወደ ቀርከሃው ጫካ አመለከተ። «እዚያ ነው።»

ቤቱ ለአዲስ ሰው ሲሰጥ ቁጥሩም አብሮ ተሰጥቷል። ካርዱም። ይህን ሳላስብ ነው ሐሳቡን ያቀረብኩት።

የዚያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት በዝናቡ ምክንያት አሶሳ አልተሰማም። በማግስቱ ጠዋት የትርንጎ ትኩሳት ወረደ። ሦስት ሰዓት ላይ ሬዲዮውን ከፍቼ ሐኪሙን ትናንት ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ የጠራን ሰው ነበር ወይ አልኩት፣ በዘጠኝ ሰዓት ሬዲዮው ጋ ማን ይቀመጣል አለኝ። «በይ ቁጥሩን።»

«ቁጥር አይደለም» አልኩ። «ትርንጎ ትባላለች። ፔኒሲሊን አይስማማትም። በእጅዎ ያለው ካርድ የእሷ አይደለም። ይድገሙልኝ።»

በሕይወቴ ሰው እንዲያ አዝዤ አላውቅም። ሐኪሙ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ ደገመልኝ።

ካርዶቹን በሙሉ በካርቶን ይዤ በየቤቱ ስም ልጠይቅ ለመውጣት ተነሳሁ። በሩ ላይ ስደርስ ግን ተመለስኩ። ሽቦዎቹን ከባትሪው ነቀልኩ፣ በግራ እጄ ያዝኳቸው፣ በቀኜ መነጋገሪያውን አንስቼ የመናገሪያ ቁልፉን ተጫንኩና «ፋጡማ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ቁልፉን ለቅቄ ጠበቅኩ። ማንም አልደገመልኝም።

ግን ከወዲያ ያለ ሰው የራሱን የመናገሪያ ቁልፍ ተጭኖ ሲለቅ የምትሰማዋን ያቺን ትንሽ ድምፅ፣ ቀጭ የምትለዋን፣ ሰማሁ፣ ሽቦዎቹ እጄ ላይ እያሉ።