መኪናዋ የምታውቀው ባለቤት

ጋሽ ወልደ ማርያም ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ከሚገኘው ቤታቸው ደጃፍ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር፣ በገዛ መኪናቸው የኋላ ወንበር ላይ ጭንቅላታቸውን ተመትተው ሞተው ተገኙ። ያገኛቸው አብሯቸው የሚኖረው የእህታቸው ልጅ ይሳቅ ነው፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሥራ ሲመለስ። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፤ ጥቁሩ መስታወትም አልተሰበረም። ፖሊስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የመንገዱን ዘበኛ ኸባብን ይዞ ሄደ። በድሃ ላይ ለመፍረድ የሚዘገይ የለም።

ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። የኤሌክትሪኳ መኪና በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሳትሰበር ተዘርፋለች፤ ሦስቱም ጊዜ ኸባብ ለቀትሩ የዙህር ሶላት መስጊድ ሄጄ ነበር ይላል። ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ጋሽ ወልደ ማርያም በጎረቤት ፊት «ሌባ» ብለውታል። መኪናዋን የሚከፍተው የሟቹ ስልክ ደግሞ «ባለቤት በስልክ ከፈተ፣ 17:20» ይላል፤ በእኛ አሥራ አንድ ከሃያ መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት ይሳቅ ቢሮው ነበር። መኪናዋን ያስመጣላቸው ነጋዴ ሳላሀዲን መጋላ ሰፈር በርጫ ላይ ከስምንት ሰው ጋር ጫት ይቅም ነበር። መኪናዋ አጠገብ የነበረው ኸባብ ብቻ ነው። «ሌባ ተይዞ ዱላ ይጠየቃል እንዴ?» አለ ይሳቅ።

ኢንስፔክተር ቱሪያ ግን ችኮላ አትወድም። መኪናዋን ስታይ የሟቹ ጫማ ወልቆ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ አንሶላና ሁለት የውሃ ጠርሙስ አለ። ይሳቅን ስትጠይቀው፣ ሬሳውን ሲያነሣ ክንዱ ደርቆ አልታጠፍ እንዳለው ነገራት። ኸባብን እስር ቤት አነጋገረችው፤ ስለ ራሱ ምንም አልጠየቃትም።

«ልጄን ዱኒያን ትምህርት ቤት ምን አሏት?» አለ ብቻ።

በማግስቱ ጠዋት ይሳቅን፣ ሳላሀዲንንና ኸባብን በሟቹ በረንዳ ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ኸባብ በካቴና ነበር።

«ይሳቅ፣ በአጎትህ ስልክ መኪናዋን ክፈታት።»

መኪናዋ ጢጥ አለች።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት።»

«ስልኩስ ምን ጻፈ?»

ይሳቅ አይቶ ግራ ገባው። «15:00። ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚለው። ደግሞም ‹ባለቤት› አይልም፤ ‹እንግዳ› ነው የሚለው።»

ቱሪያ ቀስ ብላ አስረዳች። መኪናዋ ድሬዳዋ መግባቷን የነገራት የለም፤ ዛሬም በቻይና ሰዓት ትቆጥራለች፣ ከእኛ አምስት ሰዓት ቀድማ። ጎበዞቹ እኛ ደግሞ ቁጥሩን ወደ ሐበሻ ሰዓት መልሰን ሰው አሰርንበት። በሩ የተከፈተው አሥራ አንድ ከሃያ ሳይሆን ስድስት ከሃያ ላይ ነው፤ ሬሳው ማታ ደርቆ የተገኘውም ለዚህ ነው። በዚያ ሰዓት ኸባብ አርባ ሰው እያየው ሶላት ላይ ነበር።

«ባለቤቱስ ማነው? መኪናዋ የምትመዘገበው በቻይና ስልክ ቁጥር ነው፤ ጋሽ ወልደ ማርያም ከየት ያመጣሉ? ሳላሀዲን በራሱ የቻይና ቁጥር አስመዝግቦ፣ ለእሳቸው የእንግዳ ፈቃድ ሰጣቸው።»

«አቦ፣ ለሁሉም ደንበኛ እንደዚያ ነው የማደርገው» አለ ሳላሀዲን። «የከተማው መኪና ሁሉ የኔ ነው ልትዪ ነው?»

«የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ስድስት ከሃያ ላይ የት ነበርክ?»

«ቤቴ ተኝቼ። በዚያ ፀሐይ ማን ይወጣል?»

«እሳቸው ወጡ። ጫማቸውን አውልቀው፣ አንሶላ ተሸፍነው፣ ውሃ ይዘው የኋላ ወንበር ላይ ተኙ። ኸባብን ስሙን አጥፍቼው ይሆን ብለው፣ ሌባውን በዓይናቸው ሊያዩ። ከዚያ እንደ በፊቱ ሦስት ጊዜ ሁሉ ያንተ ስልክ በሩን ከፈተ።»

«መኪናዋ ባዶ መስላኝ ነበር» አለ ሳላሀዲን።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቱሪያን ያስመረራት ግድያው ብቻ አልነበረም። ይህ ሰው የሰዓቱን ልዩነት ከሁሉም ቀድሞ እያወቀ፣ ሌላው በእሱ ፈንታ ሲታሰር ዝም ብሎ ጫቱን ቅሟል።

ካቴናው ከኸባብ እጅ ወልቆ ሳላሀዲን እጅ ገባ። ኸባብ አልተደሰተም። የኋላ ወንበሩን በመስታወቱ አሻግሮ አየና «ለምን አልነገሩኝም?» አለ። «አብሬያቸው እተኛ ነበር።»

ይሳቅ ይቅርታ ሊጠይቀው ቃል ሲፈልግ ኸባብ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ልጁ ትምህርት ቤት አቀና። ጎረቤቶች ከየመስኮቱ ያዩታል፤ ነጻ መውጣቱንም ሰምተዋል። እሱ ሲያልፍ ግን መንገዱ ዳር የቆሙት መኪኖች ጢጥ፣ ጢጥ እያሉ ተቆለፉ።