ስትሳሳት ከሀ

«እሺ፣ አላመመሽም፣ አልራበሽም፣ ማንም አልነካሽም። ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

አያቷ ይህን ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ሲጠይቋት፣ ክላርኔቷን ጭኗ ላይ አጋድማ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ነበር። ውስጧ ደንዝዟል፤ ብዙ እንደተቀመጡበት እግር፣ ቢቆነጥጡትም የሌላ ሰው ነው የሚመስለው። አያቷ ወደ ሳሎን ተመለሱ።

እንዲህ የሆነችው ከትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን ወዲህ ነው። ብቻዋን የምትነፋው ቦታ ላይ አንድ ድምፅ አመለጣት። ቤት እንደለመደችው ቆም አለችና ከመጀመሪያው ጀመረች። አብሯት የሚጫወተው የትምህርት ቤቱ ባንድ ግን አልጠበቃትም። እሱ ወደ መጨረሻው ሲነጉድ እሷ ገና መግቢያው ላይ ነበረች፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አላለቀሰችም። መሣሪያዋን ፈታትታ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች፣ ወደ ቤት ሄደች፣ በቃ።

በተሳሳተች ቁጥር ከሀ መጀመር የቆየ አመሏ ነው። ታላቅ ወንድሟ፣ ጎረቤቱ ሁሉ መግቢያውን ሸምድዶታል፣ መውጫውን ግን ያየ የለም እያለ ያበሽቃታል።

የሙዚቃ አስተማሪው አልተቆጣትም። ለዛሬው የቅዳሜ ልምምድ አንድ ግብ ይዛ እንድትመጣ ነገራት፤ ካልመጣች ቦታዋን ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ጎበዝ መሆን እፈልጋለሁ ስትለው ራሱን ነቀነቀ።

«እሱማ ምኞት ነው። አንድ የምትሠሪው ነገር ንገሪኝ።»

አያቷ ሳሎን ሳሉ ክላርኔቱን አነሳች። ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ዓይኗ የኖታ ወረቀቱ የመጨረሻ መስመር ላይ አረፈ፤ ከዚያው ጀመረች። መሐል ላይ ጣቷ ሳተ። ልትቆም አለች፤ አልቆመችም። የተበላሸውን ትታ ቀጠለች፣ ዜማውም አለቀ። ደስ አላላትም። ግን አለቀ። ቢያንስ ለአስተማሪው የምትነግረው አገኘች፤ ብትሳሳትም ላትቆም።

አያቷ ተመልሰው መጡ፤ የሹራባቸውን ቁልፍ ይፈታሉ፣ ይቆልፋሉ።

«አስተማሪሽ ጋ ደውዬ አሟታል ብያለሁ። እንዳትደክሚ።»

«አላመመኝም እኮ፣ እማማ።»

«አውቃለሁ። ያን ቀን ሲስቁብሽ ያየሁት እኔ ነኝ፤ አንቺማ መሬት መሬቱን ታዪ ነበር። ዛሬ ደግመው ቢስቁብሽ እኔ በየትኛው አንጀቴ እችላለሁ?»

ልጅቷ የአያቷን እጅ አየች። አሁንም የሹራቡን ቁልፍ ይፈታል። ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣውም አልመጣላትም።

ክላርኔቱን ፈታችው፤ እያንዳንዱን ክፍል በጨርቅ አድርቃ ሳጥኑ ውስጥ በየቦታው አስተኛችው። አያቷ የተወችው መስሏቸው እፎይ አሉ፤ ጋደም እንድትል ትራሷን አስተካከሉላት፣ ብርድ ልብሷንም ገለጥ አደረጉላት።

እሷ ግን ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አሰረች፣ ሳጥኑን አንጠለጠለች፣ በአያቷ አጠገብ አልፋ ወደ ልምምዱ ወጣች።