ሄዷል፤ አልመጣም

የቤተ ክርስቲያኑን ኢንተርኔት ያስተካክል የነበረው ገብረክርስቶስ ኢሳያስን የሰደበው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በፋሲካ እሁድ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምሳ እየተበላ ነበር። ኢሳያስ የስብከቱ ቀጥታ ሥርጭት ለምን እንደተቆራረጠ ቢጠይቅ፣ «አንተ ዕድሜህን ሌባ ስታባርር የኖርክ፣ ስለ ኢንተርኔት ምን አገባህ? አርፈህ ብላ!» አለው፣ ጠረጴዛው ሙሉ እየሰማ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ያልሳቀው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሙሉነህ ብቻ ነበር፤ እሱ ሳህኑን ያይ ነበር። ኢሳያስም የቀረበለትን በላ።

አሁን ያ ሰው ሞቷል። ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ሰፈር ከሚገኘው ቤቱ ሳሎን ውስጥ፣ ማጅራቱ በማሞቂያው ብረት ጠርዝ ተፈንክቶ ተገኘ። ያገኘችው አብራው የምትኖረው የእህቱ ልጅ ውቢት ናት። ከቀብሩ ማግስት ኢሳያስን የጠራችውም እሷው ናት። ኢሳያስ አዲስ አበባ ሳለ የወንጀል መርማሪ ነበር፤ ቶሮንቶ ከመጣ ወዲህ ለጠበቆች መረጃ ያጣራል። ስትደውልለት ደስታም ኀዘንም አልተሰማውም። ካፖርቱን ለብሶ ባቡር ተሳፈረ።

«ፖሊሶች ያቤጽን ነገ ከጠበቃ ጋር ቅረብ ብለውታል» አለችው፣ ገና በሩን ስትከፍት። «በእኔ ቃል ነው፣ ጋሼ። ጉድ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ያቤጽ ኢቶቢኮ ሰፈር ባለ መጋዘን ይሠራል፤ እዚሁ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቷል። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ምንጣፉን ያያል።

«ምን ነበር ቃልሽ?»

«የሞተ ዕለት፣ ለማታ ሥራዬ ቀን ተኝቼ ነበር። አጎቴ ሳሎን ሆኖ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። "ሄዷል። እስካሁን አልመጣም። ከመጣ እዚሁ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ" ይላል። ጠዋት ከያቤጽ ጋር ተጣልተው፣ ያቤጽ በሩን ወርውሮ ወጥቶ ነበር። እሱን እየጠበቀው ነው ብዬ ለፖሊስ ነገርኩ።»

«የሌላ ሰው ድምፅስ?»

«አልሰማሁም። ስልክ ነዋ! መልሶ እንቅልፍ ወሰደኝ። ወደ ሥራ ስወጣ የሳሎኑ በር ዝግ ነበር፤ ስመለስ ነው ያገኘሁት። ጋሽ ሙሉነህም መስክሯል። "በስልክ ያወራው ከእኔ ጋር ነው፤ እኔ ሬክስዴል ቤቴ ነበርኩ" ብሏል።»

«የሰማሽውን ለሙሉነህ የነገርሽው እሱ ከመመስከሩ በፊት ነው?»

«አዎ፤ ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ።»

ኢሳያስ ወደ ያቤጽ ዞረ። «በምን ተጣላችሁ?»

«ምንጣፉን ቫኪዩም ላደርግ የቲቪውን ጠረጴዛ ገፋሁት። "ዕቃዬን አትንካ" ብሎ ሰደበኝ። እዚህ ብቆይ ነገር ይመጣል ብዬ ወጣሁ። በቃ። አይ ስዌር፣ ጋሼ።»

ጥግ ላይ የሟቹ ኮምፒውተር እንደበራ ነው። በጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ መስመሮች ተደርድረዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሊኑክስ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ በዚህ ነው የሚፈትሸው» አለ ያቤጽ ቀረብ ብሎ። «ፒንግ ይባላል፤ "አለህ ወይ?" ብሎ እንደመጠየቅ ነው። መጀመሪያ ሞደሙን፣ ኢንተርኔቱን ቤት የሚያስገባውን ሳጥን፣ ጠይቋል፤ ይኸው መልሶለታል። ቀጥሎ ውጭውን ጠየቀ። መልስ የለም። ማንም ስላላስቆመው እስካሁን እየጠየቀ ነው።»

ይህስ ለኢሳያስ ገባው። እሱም ሲመረምር የሚጀምረው ከቅርብ ሰው ነው።

«እንግዲህ ጥፋቱ ከሞደሙ ወዲያ ነው ማለት ነው» አለ።

ያቤጽ ከቲቪው ጠረጴዛ ጀርባ ተንበረከከ። ከግድግዳው ወደ ሞደሙ የሚሄደው ኬብል ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። «ኦ ኖ። ስገፋው ነው የወለቀው።» በጣቱ እያዞረ አጠበቀው። ጥቂት ጠበቁ። የሞደሙ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ቆይቶ ረጋ፤ ስክሪኑ ላይም መልስ በመልስ ላይ ይወርድ ጀመር።

«መጣ!» አለ ያቤጽ።

ውቢት ደንግጣ ወደ በሩ ዞረች። «ማን?»

በሩ ላይ ማንም የለም። ኢሳያስ ስክሪኑንና እሷን አፈራርቆ አየ።

«ሙሉነህን ጥሪልኝ» አለ።

ሙሉነህ መጥቶ ሦስቱ ፊት ተቀመጠ።

«ወንድም ሙሉነህ፣ ሟቹ በስልክ ምን አለህ?»

«ነግሬያለሁ እኮ! "ያቤጽ ሄዷል፤ አልመጣም" አለኝ። በዋትስአፕ ነው ያወራነው።»

«ውቢት፣ የአጎትሽ ስልክ ከዋይፋይ ውጭ ይሠራል?»

«አይሠራም። ሲም የለውም። እኔና ያቤጽ በየስልካችን ዳታ ነው የምንጠቀመው፤ እሱ ግን አንድ ኢንተርኔት ይበቃኛል ይል ነበር።»

ኢሳያስ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ ያስረዳ ጀመር። «ኬብሉ የወለቀው ጠዋት ነው፤ ያጠበቅነው ዛሬ። በመሐሉ እዚህ ቤት ኢንተርኔት አልነበረም። ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ ያ ስልክ አይሠራም። እኛ መብራት ሄደ፣ ውሃ መጣ እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ሟቹ "ሄዷል" ያለው ኢንተርኔቱን ነው። "ከመጣ አየዋለሁ" ያለው እዚህ ስክሪን ላይ ነው። በስልክ ካልሆነ ለማን ነበር የሚናገረው? አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው። ውቢት አጎቷ የተናገረው ስለ ያቤጽ፣ ያውም በስልክ መስሏት ነበር። ያንን ስሕተቷን ለቅሶ ላይ የሰማ ሰው ተሸሸገበት። ያልተደወለ ስልክ አነሣሁ ያልከው አንተ ብቻ ነህ።»

ያቤጽ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ውቢት ለፖሊስ ልትደውል ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ሙሉነህ አልካደም። «ለእሁድ ሥርጭቱን እንዲያስተካክልልን ልለምነው ነበር የመጣሁት። "ቆይ፣ ይምጣ" አለኝ። ቆየሁ። ለምን እንደሄደ ብጠይቀው፣ "አንተ ዕድሜህን አሜን ስትል የኖርክ፣ ስለ ኢንተርኔት ምን አገባህ? አርፈህ ተቀመጥ!" አለኝ። አንዴ ነው የገፋሁት። አንዴ ብቻ።»

ፖሊሶቹ ደረሱ። ይዘውት ሲነሡ ሙሉነህ ወደ ኢሳያስ ዞረ።

«አንተንም ሰድቦሃል። እዚያው ነበርኩ፤ እኔ አልሳቅሁም። እስቲ በእግዚአብሔር፣ በእኔ ቦታ ብትሆን አትገፋውም ነበር?»

ጥጉ ላይ ኮምፒውተሩ ይጠይቃል፤ ውጭው ይመልስለታል። ኢሳያስ ካፖርቱን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ ለበሰ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ፤ በፖሊሶቹ መሐል አልፎ ወጣ።